ያን የቆርቆሮ ሳጥን አትጣሉት

ወገኖቼ፣ ዛሬ ልቆጣችሁ ነው። ቅር የሚለው ሰው እንደሚኖር አውቃለሁ፣ ግን መጀመሪያ የምቆጣው ራሴን ነው፣ ምክንያቱን ወደ ታች ታገኙታላችሁ፣ ብቻ ግማሽ ላይ አትተውት።

በኮሪያ ጦርነት ከደቡብ ኮሪያ ጎን ሆኖ ሊዋጋ ስለዘመተው የኛ ጦር፣ ስለ ቃኘው ሻለቃ ሲነሳ ሁላችንም አንድ ዓይነት ነገር ነው የምናወራው። 253 ጊዜ ተዋግተው 253ቱንም አሸነፉ፣ አንድ ሰው አልተማረከባቸውም፣ የወደቀ ጓደኛቸውን ጥለው አልተመለሱም፣ በቃ ይሄን እንለጥፋለን፣ ከስሩ ባንዲራ እንደረድራለን፣ ሺህ ሰው ላይክ ያደርጋል፣ ሺህ ሰው ሼር ያደርጋል፣ በማግስቱ ሌላ ወሬ ይመጣና ይረሳል። መኩራት ነውር አይደለም፣ እኔም እኮራለሁ። ነውሩ ሌላ ነው። ከነዚህ ሰዎች አንዱ በሰፈራችን ከዘራውን ይዞ ወደ ቤተክርስቲያን ሲያዘግም በመኪና ጥሩምባ አስደንግጠነው እናልፋለን፣ ቤቱ ገብተን "አባባ ያኔ እንዴት ሄዳችሁ?" ያልነው ስንቶቻችን ነን? ሚስቱን ወይ እጮኛ የነበረችውን ሴትዮ "እማማ እርስዎስ ያኔ እንዴት ሆነው ጠበቁ?" ብሎ የጠየቀ አለ? እኔ ማንንም አልጠየቅኩም። የገዛ አያቴን እንኳን በቅጡ አልጠየቅኩም።

እስቲ እንዴት እንደሄዱ ላስታውሳችሁ፣ ምክንያቱም ጦርነቱን እንጂ መንገዱን የሚያወራ የለም። ጊዜው ሚያዝያ 1943 ዓ.ም ነው። ሺህ የሚያህሉ የክቡር ዘበኛ ልጆች፣ አዛዣቸው ሌተና ኮሎኔል ተሾመ እርገቱ፣ ጃንሆይን ተሰናብተው በባቡር ወደ ጅቡቲ ወረዱ። በሰው ወደብ የሄዱት ኤርትራ ያኔ ገና በፌዴሬሽን ስላልተቀላቀለች ነው፣ እሱ የሆነው በ1945 መጀመሪያ ነው፣ የኛ የምንለው ወደብ አልነበረንም፣ ያለን ባቡሩ ነው። ደግሞ ለምን ሄዱ የሚል ካለ፣ ጃንሆይ በ1928 ጄኔቭ ላይ ቆመው የዓለም መንግስታት ማኅበርን ድረሱልኝ ብለው የሚደርስላቸው ያጡ ሰው ናቸው፣ አንድ አገር ሲወረር ሌላው ይድረስለት የሚለው ነገር ለሳቸው የወረቀት ወሬ አልነበረም። ይሄን ብዙ ሰው ያውቀዋል፣ እዚህ ላይ አልቆይም።

ጅቡቲ ላይ የጠበቃቸው ጄኔራል ማክሬ የሚባል የአሜሪካ የወታደር ማመላለሻ መርከብ ነው፣ የተነሱትም ሚያዝያ 8 ቀን ነው። አስቡት እንግዲህ፣ አብዛኛው የደጋ ልጅ ነው፣ ከወንዝና ከሐይቅ የበለጠ ውሃ አይቶ አያውቅም፣ አሁን ግን ዙሪያውን ውሃ ብቻ ሆነበት። የዚያ ዘመን የወታደር መርከብ ሆዱ መጋዘን ማለት ነው፣ የሸራ አልጋ አንዱ ባንዱ ላይ ሦስት አራት ሆኖ ተሰቅሏል፣ ላይ ያለው ሲያስመልሰው ታች ላለው ነው የሚተርፈው፣ ሙቀቱ አለ፣ የነዳጁ ሽታ አለ፣ የሚታጠቡት በባሕር ውሃ ስለሆነ ሳሙናው አረፋ አይሰጥም፣ በመሀል ደወል ይደወልና ላይፍ ጃኬት አድርጋችሁ ወደ ላይ ውጡ ይባላል። ልምምድ ነው ይሏቸዋል፣ መዋኘት ለማያውቅ ልጅ ግን ልምምዱም እውነት ነው። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወጥተው የሕንድን ውቅያኖስ አቋርጠው የደቡብ ኮሪያ ወደብ ፑሳን እስኪደርሱ ሦስት ሳምንት ገደማ ፈጀባቸው። ሦስት ሳምንት ተኩስ የለም፣ ጠላት የለም፣ የሚሠራ ብዙ ሥራም የለም፣ ሀሳብ ብቻ ነው ያለው። እኛ ጀግንነታቸውን የምንፈልገው ኮረብታ ላይ ነው፣ እኔ ግን ደጋግሞ የሚመጣብኝ እዛ ሸራ ላይ ተጋድሞ የአንዲት ልጅ መልክ እንዳይጠፋበት ዓይኑን ጨፍኖ የሚታገለው ልጅ ነው።

ያቺ ልጅ አያቴ ነበረች።

ያኔ 17 ዓመቷ ነው። ሽማግሌ ተልኮ፣ ቃል ታስሮ፣ ሠርጉ ለጥር ተብሎ ነበር። ለገሀር ሊሸኙ የወጡት የእሱ ዘመዶች ናቸው፣ እሷ ከአክስቷ ኋላ ነጠላዋን ተከናንባ ቆማ ነው ያየችው፣ ምክንያቱም ገና ያልተዳረች ልጅ ሰው መሀል ወጥታ እጮኛዋን አቅፋ የምትሸኝበት ዘመን አልነበረም። እሱ በባቡሩ መስኮት ሲፈልጋት ሲፈልጋት አይቷታል፣ ኮፍያውን ከፍ አድርጎ መልሶ አደረገው። በቃ ስንብታቸው ይሄው ነው። ይሄን የነገረችኝ እኔ ሃይስኩል እያለሁ ሽንኩርት እየላጠች ነው፣ እኔም ስልኬን እያየሁ "እሺ እማዬ" እያልኩ ነው የሰማኋት፣ አንድም ጥያቄ አልጠየቅኳትም።

ደብዳቤ ይጽፍላት ነበር። ግን ስሙኝማ፣ አያቴ ማንበብ አትችልም። ደብዳቤው ሲመጣ ፊደል የቆጠረ የጎረቤት ልጅ ይጠራል፣ አባቷ ይቀመጣሉ፣ እናቷ ይቀመጣሉ፣ አክስትየው ትመጣለች፣ ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል። እሱም ይሄን ስለሚያውቅ ምን ይጻፍ? "ይድረስ ለምወድሽና ለማከብርሽ፣ ለጤናሽ እንደምን ሰንብተሻል፣ እኔ ከናፍቆትሽ በስተቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።" ሁላችንም የምናውቃት መስመር ናት፣ ያገር ሰው ሁሉ ደብዳቤ የሚጀምርባት። ለኛ ሰላምታ ናት፣ እንዘላታለን። ለሷ ግን ደብዳቤው ማለት ያቺ መስመር ነበረች፣ ልጁ "ከናፍቆትሽ በስተቀር" ላይ ሲደርስ እናቷ ፊት መሬት መሬት ታያለች፣ ሁሉም ሰው ከሄደ በኋላ ወረቀቱን ገልጣ የትኛው ጋ እንደተጻፈ ስለማታውቅ ሙሉውን በጣቷ ትዳስሰው ነበር። ይሄን የነገረችኝ አክስቴ ናት፣ አያቴ ለኔ እንዲህ ዓይነት ነገር አትነግረኝም።

እጮኛዋ አልተመለሰም። ከኮሪያ ካልተመለሱት ከ120 በላይ ልጆች አንዱ ነው፣ አስከሬኑ መጥቶ ቅድስት ሥላሴ አረፈ። አያቴ ከዓመታት በኋላ ወንድ አያቴን አገባች፣ አምስት ልጅ ወለደች፣ ጥሩ ትዳር ነበራቸው። ደብዳቤዎቹን በአንድ የቆርቆሮ ሳጥን አድርጋ ከሣጥኗ ስር አስቀመጠቻቸው፣ ወንድ አያቴም እዛ እንዳሉ ያውቃል፣ ዕድሜውን ሙሉ አንድ ቀን አንስቶባት አያውቅም። የዛ ሰው ጨዋነት ራሱን የቻለ ታሪክ ነው።

አሁን ወደ ራሴ ልምጣ። አያቴ ባረፈች በዓመቱ ቤት ስንቀይር ዕቃ አወጣን። አይጥ የበላው ወረቀት፣ የድሮ ደረሰኝ፣ ካርቶን፣ ሁሉንም አንድ ላይ። ሳጥኑ ዝጎ ክዳኑ አልከፈት አለኝ፣ ነቅንቄ ሳየው ወረቀት ብቻ ነው የሚንኳኳው፣ በእጄ ተሸክሜ አውጥቼ ቆሻሻ መኪናው ላይ የጫንኩት እኔ ነኝ። ማታ አክስቴ መጥታ "ሳጥኑስ?" አለች። አላለቀሰችም፣ ደጃፉ ላይ ቁጭ ብላ ቆየች፣ ከዛ ሄደች። እኔ በዛው ሳምንት ስለ ቃኘው ጀግንነት ፖስት አድርጌ ብዙ ላይክ ያገኘሁ ሰው ነኝ። ለዚህ ነው ልቆጣችሁ መብት የለኝም ብላችሁ አትለፉኝ የምለው፣ መብቱ ኖሮኝ አይደለም፣ እናንተ ጋ ገና ያልተጫነ ሳጥን ስላለ ነው።

እና ወገኖቼ፣ እንዴት ነው ነገሩ? ከኮሪያ ለዘማች ቤተሰብ ስኮላርሺፕ መጣ ሲባል ሜዳሊያው ከየሣጥኑ ይወጣል፣ የአባባ ፎቶ ይፈለጋል፣ የማዕረግ ወረቀት ይፈለጋል፣ ፎቶኮፒ ቤት ወረፋ ነው። ሰውዬው ግን እዛው ጓዳ ተኝተው ውሃ የሚያቀብላቸው ያጣሉ። ይሄን በዓይኔ አይቻለሁ፣ እናንተም አይታችኋል። ቹንቾን ከተማ ላይ ኮሪያኖች ሐውልት ሠርተውላቸው ጃንሆይ ራሳቸው በ1960 ሄደው መርቀውታል፣ በኋላም የኛን ጎጆ ቤት በሚመስል ሕንጻ ሙዚየም ሠርተውላቸዋል፣ ባሕር ማዶ ያለ ሰው ሙዚየም ሲሠራ እኛ በእጃችን ያለውን ወረቀት ለቆሻሻ እንሰጣለን።

"እነሱ ራሳቸው አያወሩም እኮ" የሚል ሰው አለ። አዎ አያወሩም፣ ለምን እንደማያወሩ ጠይቀህ ታውቃለህ? ደርግ ሲመጣ ወዳጅነቱ ከሰሜን ኮሪያ ጋር ሆነ፣ ደቡብ ኮሪያ ሄጄ ተዋግቻለሁ ማለት የማይነገር ነገር ሆነ፣ ሜዳሊያቸውን የደበቁ አሉ፣ ፎቷቸውን የቀደዱ አሉ። 17 ዓመት አፉን ይዞ የኖረ ሰው አንድ ቀን ተነስቶ ወሬ አይጀምርልህም፣ ቁጭ ብለህ ቡና ጠጥተህ ደጋግመህ ሄደህ ነው የሚከፈትልህ። ሴቶቹ ደግሞ ከዚያም የባሰ ነው፣ የነሱን ጥበቃ ታሪክ ነው ብሎ የቆጠረው ሰው ስለሌለ ራሳቸውም አይቆጥሩትም፣ "እኔ ምን አውቃለሁ ልጄ፣ እሱን ጠይቀው" ነው የሚሏችሁ፣ እሱ ደግሞ ከሞተ ቆይቷል።

ሌላም ልጨምር፣ ይሄ ቅር ይላችሁ ይሆናል። ዛሬም ልጅ ወደ ጦር ሜዳ በሄደ ቁጥር ኪቦርድ ላይ ሆነን የምንፎክር ሞልተናል፣ ከየትኛውም ወገን እንሁን። ፉከራ ስትጽፉ ለገሀር ከአክስቷ ኋላ የቆመችዋን ልጅ አስቧት፣ ዛሬም መናኸሪያ ላይ አለች፣ ስልክ ይዛ ኔትወርክ እስኪመጣ የምትጠብቀው እሷ ናት። ቢያንስ ቤቷ ሂዱና አብራችኋት ተቀመጡ።

ዘማቾቹ ዛሬ በሕይወት ያሉት ትንሹ 90 አልፏል። ነገ ዛሬ አትበሉ። ፎቶ ካለ በስልካችሁ አንሱት፣ ጀርባውንም ገልብጣችሁ አንሱት፣ ብዙ ጊዜ ነገሩ ያለው ጀርባው ላይ ነው። ደብዳቤ ካለ ስካን አድርጉት፣ ማንበብ የከበዳችሁ የእጅ ጽሕፈት ቢሆንም አትጣሉት። ስትጠይቁ ደግሞ ስንት ሰው ገደልክ ብላችሁ አትጀምሩ፣ ባቡሩ ላይ ማን ሸኘህ ብላችሁ ጀምሩ።

አንድ ነገር ልንገራችሁና ልጨርስ። አያቴ በየዓመቱ የፋሲካ ሌሊት ከቅዳሴ ተመልሳ ገበታ ሲቀርብ፣ እጇን ታጥባ፣ ከመጉረሷ በፊት "ውሃ ላይ በምን ፈሰከ ይሆን" ትል ነበር። ለማንም አይደለም የምትለው። እኛ ልጆቹ ዕድሜዋ ነው እንል ነበር። ሳጥኑ ከጠፋ በኋላ ቁጭት ሲያንገበግበኝ ባሕረ ሐሳብ የሚያውቁ አንድ መሪጌታ ጋ ሄጄ ዘመኑን አስቆጠርኩት። በ1943 ፋሲካ የዋለው ሚያዝያ 21 ነው። ጅቡቲን የለቀቁት ሚያዝያ 8፣ ፑሳን የደረሱት ሚያዝያ ሊያልቅ ሲል። ሆሳዕናው፣ ሕማማቱ፣ ስቅለቱ፣ ትንሣኤው፣ ሁሉም መርከቡ ላይ ነው ያለፈው። ከደብዳቤዎቹ ባንዱ ጽፎላት ነበር ማለት ነው፣ ፋሲካን ውሃ ላይ መዋሉን፣ በምን እንደፈሰከ ግን አልጻፈም ወይ ያነበበው ልጅ ዘሎታል።

ከናንተ መሀል አያቱ በመጀመሪያው ቃኘው የሄደ፣ ከመርከቡ የተላከ ደብዳቤ ቤቱ ያለ ሰው ካለ፣ እባካችሁ ገልጣችሁ እዩልኝ። የዛን ቀን ምን እንደቀመሱ የሚል መስመር ካገኛችሁ ጻፉልኝ፣ ለአክስቴ አነብላታለሁ።