ፊልም ለማየት ነው የመጣሁት፣ አለቀ!

ገና አሁን ቤት መግባቴ ነው። እጄ በብርዱ ይሁን በንዴት እንጃ ይንቀጠቀጣል፣ ፊደል ከገደፍኩ እለፉኝ። ያ የፈረደበት አዳራሽ ዛሬም ጉድ ሠራኝ። አዎ፣ "ሁለተኛ አልረግጠውም" ብዬ ነበር። ታናሽ ወንድሜ ነው "አሜሪካን ስናይፐር በትርጉም አለ፣ እንሂድ፣ እንሂድ" እያለ ነፍሴን ያወጣት።

ፊልሙ ኢራቅ ስለዘመተ አንድ የአሜሪካ አልሞ ተኳሽ ነው፣ በፈረንጆቹ 2014 የወጣ ነው። እኛ ጋ ግን ትኩስ ነው። ተርጓሚው ደግሞ ጉደኛ ነው። ወታደሩ "ዬስ ሰር" ሲል እሱ "እሺ ጌታዬ፣ ለሀገሬ ስል ደሜን እስከ መጨረሻዋ ጠብታ አፈሳለሁ" ብሎ ይተረጉማል። ጭብጨባ! ሰውዬው ገና አልተኮሰም እኮ። ገና ስልጠና ላይ ነው።

ከኋላዬ አንድ ትልቅ ሰው ጋቢያቸውን ተከናንበው ስቴኪኒ እያኘኩ ተቀምጠዋል። ስም አልጠራም፣ የሰፈራችሁን ሰው ታውቃላችሁ። አንድ ኢራቃዊ በወደቀ ቁጥር የወንበሬን መደገፊያ በእርግጫ ይሉታል። በደስታ ነው። ቻልኩት። መሀል ላይ መብራት ሄደ፣ ምስሉ ጠፍቶም ጭብጨባው አላቆመም። ለማን እንደሚያጨበጭቡ አላህ ይወቀው። ጀነሬተሩ ተነሳ፣ ቀጠልን።

ከዚያ ያቺ ሕፃን መጣች። ያያችሁ ታውቃላችሁ። ክሊንት ኢስትዉድን የሚያህል ዳይሬክተር፣ ወደ 60 ሚሊዮን ዶላር የሚጠጋ በጀት ይዞ፣ ዋናውን ተዋናይ ብራድሊ ኩፐርን የላስቲክ አሻንጉሊት አሳቅፎታል። ለቀረጻ የታሰበችው ሕፃን ታማ፣ ተተኪዋም ቀርታ ነው ይባላል። ይሁን። ግን ልብ ብላችሁ ካያችሁ ኩፐር ራሱ በጣቱ የአሻንጉሊቷን እጅ ነቅነቅ ያደርጋታል። ሕይወት እንዳላት ለማስመሰል! ሳቄ አመለጠኝ። የማንም ሰው ሳቅ ያመልጠዋል።

"ምን ያስቅሻል አንቺ ልጅ?"

"አሻንጉሊት ናት ጋሼ።"

"ማናት አሻንጉሊት?"

"ሕፃኗ።"

"ለሀገሩ የሚዋደቅ ጀግና ልጁን አቅፎ ቆሞ አንቺ ትስቂያለሽ?"

"የእኛ ሀገር እኮ አይደለም ጋሼ።"

በቃ። አዳራሹ በሙሉ ወደ እኔ ዞረ። አንዱ የሞባይሉን ባትሪ ፊቴ ላይ አበራ።

"ቆይ፣ ቆይ፣ ቆይ... አንቺ የማን ነሽ?"

"የማንም አይደለሁም። ፊልም ለማየት ነው የመጣሁት።"

"ሰማችሁ? ፊልም ለማየት ነው የመጣችው!" አሉ፣ ለረድፉ በሙሉ፣ ስቴኪኒያቸውን ከአፋቸው አውጥተው። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። አንዱ ደግሞ ከጥግ "ገና ሲጀመር እኮ አላጨበጨበችም፣ እያየኋት ነው" አለ። እያየኋት ነው!! ሰውዬው ከፍሎ ገብቶ የሚያየው እኔን ነው። ወንድሜም ሳቀ። እሱን በኋላ እመለስበታለሁ።

በነገራችን ላይ እኚሁ ጋሼ በእኛ 2014 "ኖ ሞር" የተባለ ጊዜ አሜሪካን እየተራገሙ ሰልፍ የወጡ ናቸው። አይቻቸዋለሁ። ዛሬ ለአሜሪካ ወታደር መዳፋቸው እስኪቀላ ያጨበጭባሉ። ሀሳባቸውን መቀየር መብታቸው ነው። ግን ያኔ ዝም ያለ የአሜሪካ ተላላኪ፣ ዛሬ ዝም ያለ የጀግና ጠላት። እኔ ዝም የምለው መቼ ነው በናታችሁ?

ደግሞ እኛ ብቻ አይደለንም፣ ዓለሙም ያው ነው። ይሄ ፊልም በዓለም ዙሪያ ከ540 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሰብስቧል። ስለዚያው ስለ ኢራቅ የተሠራው ዘ ኸርት ሎከር 6 ኦስካር ወሰደ፣ ምርጥ ፊልም ተባለ፣ አሜሪካ ውስጥ ያገኘው ግን 17 ሚሊዮን አካባቢ ነው። "ለመሆኑ ኢራቅ ለምን ገባን?" ብለው የጠየቁት ፊልሞችማ በፈረንጆቹ 2007 ተራ በተራ እየወጡ ለባዶ ወንበር ሲታዩ ቀሩ። ሰው ብር ከፍሎ ጥያቄ መስማት አይፈልግም። ትክክል ነህ እንዲባል ነው የሚከፍለው። የአሜሪካ ወታደሮች ሶማሊያ ውስጥ ስላደረጉት ውጊያ የተሠራውን ብላክ ሃውክ ዳውንን ደግሞ የአሜሪካ ተመልካች ለራሱ ወታደሮች እያዘነ አየው። እዚያው ታሪኩ የተፈጸመባት ሞቃዲሾ ላይ በፈረንጆቹ 2002 በቪዲዮ ቅጂ ሲታይ ግን ሄሊኮፕተር በወደቀ ቁጥር ሰው በጩኸት ይደሰት ነበር። አንድ ፊልም ነው እኮ! ባግዳድ ደግሞ አሜሪካን ስናይፐርን ማሳየት የጀመረ ሲኒማ ቤት ኢራቃውያንን ይሰድባል የሚል ተቃውሞ ሲመጣበት አቁሞታል። ይሄን እንኳ እረዳለሁ። የሞቃዲሾው ሰውም የባግዳዱም ሰው በቤቱ የደረሰውን ነው የሚያየው። እኔን ያልገባኝ የእኛ የደሴ ሰው የኢራቋ ፋሉጃ ላይ ምን ቤት ነው?

አሁን ደግሞ "ጦርነት ስላላየሽ ነው የምትስቂው" ያለችኝ ልጅ አለች። ፈንዲሻ እየበላች። እኔ! በእኛ ጥቅምት 2014 ጦርነቱ ደሴ ሲደርስ እዚህ ነበርኩ እኮ። የከባድ መሣሪያ ነገር የገባኝ በሳሎናችን መስኮት ነው። መጀመሪያ መስታወቱ ይንጣጣል፣ ድምፁ ከኋላ ይመጣል። እናቴ መስታወቱን በመዳፏ ደግፋ ትቆም ነበር፣ እንዳይሰበር። ሐረጎን ቁልቁል በእግር ስንወርድ ያጨበጨበ ሰው አላየሁም። ሙዚቃም አልነበረውም። ይሄን ልናገር አፌ ላይ ደርሶ ነበር። ግን ጋሼም እኮ እዚሁ ነበሩ። ፍራሽ ተሸክመው አይቻቸዋለሁ። ያውቁታል። ያበሸቀኝ እሱ ነው።

ደግሞ የፊልም ብቻ ቢሆን ምን ነበረበት። ኳስ ቤት ሻይ ልጠጣ ስገባ "የአርሴናል ነሽ የማንቼ?"፣ ሻይ ነው የምፈልገው። ባለፈው ለቅሶ ቤት ንፍሮ ይዤ አንዷ ጠጋ ብላ "የዛሬውን መግለጫ እንዴት አየሽው?" ባጃጅ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ ሹፌሩ በመስታወት ፊቴን ያነባል፣ ቅንድቤ ከፍ ካለ ሂሳቡም ከፍ ይላል።

ለእኔ ፊልሙ ማለት መጨረሻው ነበር። የፊልሙን እውነተኛ ባለታሪክ፣ ክሪስ ካይልን፣ ኢራቅ አልገደለውም፣ በፈረንጆቹ 2013 እዚያው አሜሪካ፣ ቴክሳስ ተኩስ መለማመጃ ቦታ፣ ካይል ራሱ ሊረዳው የወሰደው የቀድሞ ወታደር ነው የገደለው። ግድያውን አያሳዩም። ከዚያ እውነተኛው የአስከሬን ሽኝት ይመጣል፣ መንገድ ዳር ሰው ባንዲራ ይዞ ቆሞ። እኔ ያንን በትልቁ ማየት ነበር የፈለግኩት። ምን ሆነ? መጨረሻ ላይ በሩ ሲዘጋ፣ ገና መሞቱን የሚናገረው ጽሑፍ ሳይመጣ ሁሉም ብድግ! ተርጓሚው "ተፈጸመ" አለ፣ ባለ ፕሮጀክተሩ ነቀለው። ጀግናቸው መሞቱን ሳያውቁ በድል ወጡ። ጋሼ ደረጃው ላይ ሲያልፉኝ ትከሻዬን መታ አድርገው "አብሽሪ፣ ትለምጂዋለሽ" አሉኝ። ምኑን ነው የምለምደው?

ወንድሜ አሁን በር ላይ ቆሞ "በሚቀጥለው የቬትናም አለ" ይለኛል። ወላሂ አላፈረም። የእሱን ትኬት የከፈልኩት እኔ፣ ፈንዲሻውን እኔ፣ ባጃጁን ደርሶ መልስ እኔ። ነገ ካርድ ሙይልኝ ብሎ ሲመጣ ከጋሼ ይቀበል።