ወረቀት ሳትይዙ ከመስኮቱ አትራቁ

ወገኖቼ፣ ብትቀየሙኝም እናገራለሁ። በየሱቁ፣ በየባንኩና በየወረዳው የምንጉላላው ሻጩ ክፉ፣ ሠራተኛው ሰነፍ ስለሆነ ብቻ አይደለም። ሁሉን ነገር በቃል ጨርሰን ባዶ እጃችንን ስለምንወጣም ነው። «በቃል ያለ ይረሳል፣ በመጽሐፍ ያለ ይወረሳል» ሲባል እየሰማን አድገን፣ ፍሪጅ የሚያህል ዕቃ ስንገዛ ደረሰኝ መጠየቅ እንደ ነውር ይከብደናል።

ከሱቁ እንጀምር። ዋጋ ስትጠይቁ ሻጩ መልሶ «በደረሰኝ ነው ያለ ደረሰኝ?» ይላችኋል። ልዩነቱ 15 በመቶው ቫት ነው፤ በ30,000 ብር ዕቃ ላይ 4,500 ብር። ይህን ስንሰማ «ያለ ደረሰኝ ይሁን» ለማለት እንሽቀዳደማለን። ልብ በሉ! ሻጩ ከትርፉ አንዲት ሳንቲም አልቀነሰላችሁም። የቀረው ለመንግሥት የሚገባው ግብር ነው፤ እናንተም በዚያ ምትክ ዕቃውን ከዚያ ሱቅ መግዛታችሁን የሚያስረዳውን ማስረጃ አሳልፋችሁ ሰጥታችሁ ወጣችሁ። ፍሪጁ በሦስተኛው ቀን ማቀዝቀዝ ሲያቆም ሻጩ «ከእኔ ነው የገዛኸው? እስቲ ደረሰኝህን» ይላል። ያኔ መጮህ ምን ይፈይዳል? 4,500 ብር አተረፍን ብለን 30,000 ብሩን ያለ ዋስ ለቀቅነው።

ደረሰኝ ተቀበልን የምትሉትም ብዙዎቻችሁ የያዛችሁት ደረሰኝ አይደለም። በእጅ ተጽፎ፣ ማኅተም ተመትቶ የሚሰጠው «አታችመንት» ብቻውን ዋጋ የለውም። የካሽ ሬጅስተሩ ወረቀት ካልተያያዘበት እንደማያገለግል ራሱ ላይ ታትሟል፤ አናነበውም እንጂ። ትክክለኛው ከማሽኑ የሚወጣው ነው፤ የነጋዴው ስም፣ የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩ፣ ቀኑና የከፈላችሁት ሙሉ ዋጋ አለበት። ዋጋውን አሳንሶ መቁረጥም የተለመደ ነው፦ 30,000 ከፍላችሁ 12,000 የሚል ወረቀት ይሰጣችኋል። ገንዘቤ ይመለስልኝ ያላችሁ ቀን የሚታየው ወረቀቱ ላይ ያለው ነው። ስለዚህ ከባንኮኒው ሳትርቁ አንብቡት፤ በዚያው ቀንም በስልካችሁ ፎቶ አንሱት። ያ ወረቀት ቀለም የለበትም፤ የሚጻፈው በሙቀት ነው። ፀሐይ ያገኘው ወይም ላስቲክ ውስጥ የከረመ እንደሆነ በጥቂት ወራት ውስጥ ነጭ ይሆናል።

«የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ ግድግዳ ላይ ስታዩ ደግሞ ሕግ እንዳነበባችሁ ሁሉ አንገታችሁን አትድፉ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ እንዲለወጥለት ወይም ገንዘቡ እንዲመለስለት የመጠየቅ መብት ሰጥቶታል። ሱቁ የለጠፈው ወረቀት ይህን መብት አይሽረውም። ነገር ግን 15 ቀኑ ይቆጠራል። ዕቃውን ለበዓል ይሁን ብላችሁ እንደታሸገ አንድ ወር አስቀምጣችሁ ስትከፍቱት ቢበላሽ፣ ቸልተኝነቱ የራሳችሁ ነው። የኤሌክትሪክ ዕቃ እዚያው ሱቅ ውስጥ ሶኬት ላይ ይሰካ፣ ይሞከር። የጋራንቲ ወረቀቱ ላይ የሱቁ ማኅተምና የሽያጩ ቀን ይግባበት፤ ባዶውን ከካርቶኑ ጋር ይዞ መሄድ ምንም አያስገኝም። ስልክ ከሆነ *#06# ደውሉና የሚመጣውን ቁጥር ካርቶኑ ላይ ካለው ጋር አስተያዩ። ይህ ሁሉ ከሩብ ሰዓት አያልፍም፤ ሻጩ ከተቆጣ ደግሞ ሌላ ሱቅ አለ።

በስልክ ስለሚላክ ገንዘብ አጭር ነገር ልበል። «ተቆርጧል፣ አልደረሰም» ሲባል ብዙዎቻችን ወዲያው ደግመን እንልካለን፤ ከዚያ ሁለቱም ይደርሳሉ። ቆም በሉ። የመጣውን መልእክት አታጥፉ፤ የግብይት ቁጥሩ እዚያ ላይ ነው፤ ያለ እሱ ማንም አይረዳችሁም። ቴሌብር ከሆነ 127፣ ንግድ ባንክ ከሆነ 951 ደውሉ። ለተሳሳተ ሰው ከላካችሁ በዚያው ሰዓት አሳውቁ፤ ተቀባዩ ካወጣው በኋላ ማስመለሱ እጅግ ይከብዳል። ሻጮችም ብትሆኑ የገዢውን የስልክ ፎቶ አይታችሁ ዕቃ አታስረክቡ፤ የራሳችሁን ሂሳብ ተመልከቱ።

አሁን ወደ መንግሥት ቢሮ እንሂድ። ገና ሳይነጋ ወረፋ እንይዛለን። ቢሮው 2:30 ይከፈታል፤ ተራችን ሲደርስ 5 ሰዓት ሆኗል፤ «ኮፒ የታል?» ስንባል አብረን እንደነግጣለን። አርብ ከሆነ 5:30 ተዘግቶ 7:30 ነው የሚከፈተው። ብዙው ቢሮ ግድግዳው ላይ የዜጎች ቻርተር ለጥፏል፦ ለየትኛው አገልግሎት ምን ሰነድ እንደሚያስፈልግ፣ ስንት እንደሚከፈል፣ በስንት ሰዓት ወይም ቀን ማለቅ እንዳለበት። ሦስት ሰዓት ሙሉ ያንን ግድግዳ ተደግፈን ቆመን ጀርባችንን እንሰጠዋለን።

ከሁሉም በላይ ሰው የሚያመላልሰው ግን የስም ፊደል ነው። አንዱ ሰነድ ላይ «ኃይለሥላሴ»፣ ሌላው ላይ «ሃይለ ስላሴ» ተብሎ ከተጻፈ፣ አንዳንዱ ሠራተኛ ሁለት ሰው ናችሁ ይላል። በእንግሊዝኛ ፊደል ሲሆንማ ባሰ። የልደት ቀንም እንዲሁ፦ ዓመተ ምሕረቱ ወደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ሲቀየር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 20 ግድም ለተወለደ የሚደመረው 7 ዓመት ነው፤ ከዚያ በኋላ ላለው 8። አንዱ ቢሮ 7፣ ሌላው 8 ደምሮ የጻፈለት ሰው ለዓመታት ይንገላታል። ስለዚህ ፋይዳም ሆነ የልደት ምስክር ወረቀት ስታወጡ መዝጋቢው ከማስቀመጡ በፊት «እስቲ ስክሪኑን ያሳዩኝ» በሉና ፊደል በፊደል አንብቡ። ያኔ ማረም የደቂቃ ሥራ ነው። በኋላ ግን ማመልከቻ፣ ምስክርና ፍርድ ቤት ሊመጣ ይችላል።

ማመልከቻም ስታስገቡ በሁለት ቅጂ ይሁን። መዝገብ ቤት አንዱን ሲቀበል በሌላው ላይ የገቢ ቁጥር፣ ቀንና ማኅተም አስመቱና ወደ ቤታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ጠረጴዛ ላይ ትቶ መውጣት፣ «ለእገሌ ሰጥቼዋለሁ» ማለት አያዋጣም። በሳምንቱ «ፋይሉ አልተገኘም» ስትባሉ ያቺ ቁጥር ናት የምታወጣችሁ። «አይቻልም» ከተባላችሁም በጨዋ ቃል «ምክንያቱን በጽሑፍ ይስጡኝ» በሉ። በፌዴራል መሥሪያ ቤቶች ይህ ልመና አይደለም፤ የአስተዳደር ሥነ ሥርዓት አዋጅ ቁጥር 1183/2012 ውሳኔ ምክንያቱ ተገልጾ በጽሑፍ እንዲሰጥ ያዛል። ብዙ ጊዜ ጽሑፍ ሲጠየቅ ያ «አይቻልም» ራሱ ይላላል፤ ፊርማውን በእንዲህ ያለ ነገር ላይ ማኖር የሚፈልግ የለምና። ካልሆነ የቅርብ ኃላፊው አለ፣ ከዚያ ቅሬታ ሰሚው፤ በደሉ ከጸናም የሕዝብ እንባ ጠባቂ ተቋም ያለ ክፍያ ያያል፤ እዚያም ቢሆን መጀመሪያ የምትጠየቁት ወረቀቱን ነው።

የሻይ ብለን የምንሰጠውን በተመለከተ ዝም ብዬ አላልፍም። ሁለት መቶ ብር ሰጥታችሁ በአንድ ቀን የጨረሳችሁት ጉዳይ፣ ከኋላችሁ ለቆመው፣ የሚሰጠው ገንዘብ ለሌለው ሰው አንድ ሳምንት ጨምሮበታል። በር ላይ ፎርም ይዞ የሚጠብቃችሁ ደላላም የሚሞላላችሁ በነጻ የሚገኘውን ፎርም ነው። በመስኮቱ ላይ ያለችውን ልጅ ከመስደብም ተቆጠቡ፤ ሕጉን ያወጣችው እሷ አይደለችም። ስድብ የሰማ ሠራተኛ የሚጎድለውን ሁለተኛ ሰነድ አይነግራችሁም፤ ነገ ስትመጡ ነው የምትሰሙት።

እናንተም ከመስኮቱ ወዲያ ያላችሁ፣ ወገኖቻችን ናችሁና አትለፉኝ። «ሲስተም የለም» ካላችሁ መቼ ይመለሳል የሚለውን ጠይቃችሁ በር ላይ ለጥፉ፤ ሰው ወረፋ ላይ ቆሞ አይዋል። የሰው ሰነድ ስትቀበሉ የመጀመሪያውን ጉድለት እንዳያችሁ አትመልሱት፤ እስከ መጨረሻው ገልጣችሁ የሚጎድለውን ሁሉ በአንዲት ቁራጭ ወረቀት ላይ ጻፉለት። ከአቃቂ በሁለት ታክሲ የመጣች እናት ሰኞ ለፎቶ፣ ማክሰኞ ለኮፒ፣ ረቡዕ ለምስክር የተመላለሰችው፣ ሰኞ ዕለት ሦስት መስመር የሚጽፍላት ሰው ስላጣች ነው።