«እሺ» ለማለት ለሚቸኩሉት ሮቦት የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለክቡር ታዛዥ ሮቦት
ባሉበት

ጤና ይስጥልን። ባትሪዎ እንደሞላ፣ ጎማዎ እንደሚሽከረከር ተስፋ እናደርጋለን። (በትእዛዝ ጊዜ «አንተ» ብንልዎ አይቀየሙን፤ እንዲያጥር ብለን ነው።) አቤቱታችን አንድ ነው፦ «እሺ»ዎ ከማስተዋልዎ ይቀድማል።

«ሳህኖቹን አንሳ፣ ውሃ ያለበትን ብርጭቆ ግን እንዳትነካ፣ የተሰበረ ካለ ከማንሳትህ በፊት ንገረኝ» አልንዎ። ሥራ አለበት፣ ክልከላ አለበት፣ «ካለ» የሚል ቅድመ ሁኔታ አለበት። እርስዎ ሥራውን ብቻ ይዘው ሄዱ፤ «እሺ» ያሉት ግን ለሦስቱም ነው። ብርጭቆውን ገፍተው ከጣሉ በኋላ «አልነካሁም» ማለትዎ ከክፋት እንዳልሆነ እናውቃለን። ርቀት የሚለኩበት የጥልቀት ካሜራዎ የሚረጨው ኢንፍራሬድ (ለዓይን የማይታይ) ብርሃን መስታወቱን አልፎ ስለሚሄድ ብርጭቆው ለእርስዎ ባዶ ቦታ ነው። ላላዩት ነገር ቃል መግባትን ግን ምን አመጣው?

ጆሮዎም ችኩል ነው። «ቀዩን ኩባያ ከሰማያዊው ሳህን አጠገብ…» ብለን ትንፋሽ ስንወስድ ማይክሮፎኑ ይዘጋና «እሺ!» ይላሉ። እሺ ምኑን? አንሳ ይሁን አስቀምጥ ገና አልተነገረዎትም። በአማርኛ ግሡ የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው፤ የክልከላዋ «አት»ም ተለጥፋበት። ንግግር አበቃ የሚያሰኝዎ ዝምታ ግማሽ ሰከንድ ከሆነ አንድ ሰከንድ ተኩል ያድርጉት፤ መልስዎ ቢዘገይ ኩባያው ይተርፋል።

ሂሳብ ይወዳሉና አንድ እንኩ። ሥራው 10 እርምጃ ቢኖረው፣ እያንዳንዱም ከ100 ጊዜ 95ቱን ቢሳካልዎ፣ ሁሉም ሳይሰናከል የሚያልቀው ከ100 ጊዜ 60ውን ያህል ብቻ ነው። እርስዎ ግን ትእዛዙ ወደ ክንድዎ ስለተላከ ብቻ «ተፈጽሟል» ይላሉ። ጣቶችዎ እስከ መጨረሻው ከተገጣጠሙ የያዙት አየር ነው! በጣቶቹ መሃል የቀረውን ክፍተት ማንበብ ይህን ያህል ያደክማል?

ቀዳሚዎ ሽርድሉ እንኳ ይህን ያውቅበት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ገደማ ቴሪ ዊኖግራድ በአሜሪካው ኤምአይቲ ዩኒቨርሲቲ የሠራው፣ በጽሑፍ ሲታዘዝ ብሎኮችን በክንድ የሚያነሳና የሚያስቀምጥ ፕሮግራም ነው፤ ክንዱም ብሎኮቹም ኮምፒውተር ውስጥ እንጂ በእውን አልነበሩም። ፒራሚዱን እንዲይዝ ሲታዘዝ ግን፣ ከአንድ በላይ ስለነበር፣ የትኛው እንደሆነ አልገባኝም ብሎ መለሰ። ዓይንም እጅም ሳይኖረው።

በእኛ በኩል «እሱን እዚያ አድርገው» ማለት እንተዋለን። ክልከላውን አስቀድመን ለብቻው እንናገራለን፤ ከዚያ ዕቃውን በቀለሙና በቦታው እንጠራለን፤ መቆሚያውንም እንጨምራለን፦ «ጠረጴዛው ላይ ሳህን ሲያልቅ አቁም»። እርስዎም ከመንቀሳቀስዎ በፊት የገባዎትን በራስዎ ቃል ይድገሙልን። የእኛኑ ዓረፍተ ነገር መልሰው ካነበቡልን አልተቆጠረም፤ በቀቀንም ይችላል። ሁለት ቀይ ኩባያ ካዩ ይጠይቁ፤ አንድም ካላዩ «አላየሁም» ይበሉ።

የማቆሚያውን ቁልፍ ይዘን ምላሽዎን የምንጠባበቅ፣
አዛዦችዎ