ግቢውን ግቢ ያደረጉት ልጆችም ስማቸው ይጠራ

በምረቃ ሰሞን ጎንደር ሌላ ከተማ ትሆናለች። ከፒያሳ ወደ ማራኪ ባጃጅ ማግኘት ጭንቅ ነው። ከሩቅ የመጣ ወላጅ ጋዋን የለበሰ ልጁን ይዞ ፋሲል ግንብ ፊት ፎቶ ይነሳል። አዳራሹ ውስጥ ከየትምህርት ክፍሉ ከፍተኛ ውጤት ያመጡት እየተጠሩ ይወጣሉ። ሜዳሊያ ይጠለቅላቸዋል፣ ዋንጫ ይቀበላሉ፣ እልልታው ይቀልጣል። ለፍተው ያገኙት ነው፤ ከዚህ ላይ ምንም ይቀነስ አልልም።

እኔ የምለው ሌላም መጠራት ያለበት ስም አለ ነው። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጠ፣ ውጤቱ ደህና የሆነ፣ ግን ሜዳሊያ የማያሸልም ልጅ አለ። ግቢው ውስጥ ስንት ሰው በእሱ ምክንያት ትምህርቱን ሳያቋርጥ እንደቀረ የሚያውቁት የዶርም ጓደኞቹና የዶርሙ ተቆጣጣሪ ፕሮክተሩ ብቻ ናቸው። የጎንደር ዩኒቨርሲቲ እንዲህ ያሉ ተማሪዎችንና ክበቦችን በየዓመቱ በስም ጠርቶ ቢያመሰግን፣ ከሜዳሊያው የማይተናነስ ሥራ ይሠራል ብዬ አምናለሁ።

የትኛውን ሥራ ነው የምለው? ለዓይነ ስውር ተማሪዎች የሚያነቡትን ልውሰድ። በብሬይል የተዘጋጀ መጽሐፍ እንደልብ አይገኝም። ሃንድአውቱ ደግሞ ተጠርዞ ፎቶ ኮፒ ቤት ነው የሚገኘው። ስለዚህ አንድ ጓደኛ ሣሩ ላይ ወይም ዶርም ውስጥ ቁጭ ብሎ ጮክ እያለ ያነባል፣ ስልኩ ይቀዳል። ማንበቡ ቀላል ይመስላል። የሕግ ተማሪ ከሆነ አንቀጹን ከነንዑስ አንቀጹ፣ ቁጥሩን ሳያሳስት ማንበብ አለበት። ሠንጠረዥ ሲመጣ «የመጀመሪያው ዓምድ ዓመቱ ነው፣ ሁለተኛው የሕዝብ ብዛት፣ አሁን ወደ ታች ልውረድልህ» እያለ በቃል ይስላል። ግራፍ ሲሆን መስመሩ የት ላይ እንደሚወጣና የት ላይ እንደሚወርድ ጣቱን ይዞ ያሳየዋል። ጓደኛው ማታ ኢርፎን ሰክቶ ያንኑ ድምፅ ደጋግሞ ይሰማል። ፋይናል ሲደርስ ደግሞ አንባቢውም የራሱ ፈተና አለበት። የሌላውን ሃንድአውት ጨርሶ የራሱን የሚጀምረው ግቢው ሁሉ ከተኛ በኋላ ነው። ይህ ሁሉ የውጤት ማስረጃው፣ ስቱደንት ኮፒው ላይ አንድ መስመር እንኳ አይጻፍለትም።

ፍሬሽ ተማሪ ሲገባ የሚሆነውንም ማየት ነው። ከቤቱ ወጥቶ የማያውቅ ልጅ ከጅማ ወይም ከአርባ ምንጭ ተነስቶ፣ ሻንጣውን ታቅፎ መናኸሪያ ይወርዳል። አንዳንዱ አማርኛው ገና አልፈታለትም። ሲኒየሮች ሻንጣውን ተቀብለው፣ ሬጅስትራሩን አሳይተው፣ ዶርሙን አግኝተውለት፣ ካፌ አብረውት ይበላሉ። ሚድ ሲቃረብ ደግሞ ሒሳብ ያስጠኑታል። የመጀመሪያው ሳምንት እንዲህ ያለፈለት ልጅና ብቻውን የተንከራተተው ልጅ አራት ዓመቱን በአንድ መንፈስ አይጨርሱም። ከተማውም ይህ ገብቶታል። ዩኒቨርሲቲው ከጥቂት ዓመታት በፊት የጀመረው የቃል ኪዳን ቤተሰብ ከሩቅ የመጡ ተማሪዎችን ከጎንደር ቤተሰቦች ጋር ያገናኘው በዚሁ ምክንያት ነው። በዓል ሲደርስ ዶርም ተኝቶ የሚቆዝም ልጅ የሚጠራው ቤት እንዲኖረው ነው። እናቶቹን እናመሰግናለን። ተማሪውን ለተማሪ ቤተሰብ ያደረጉትንስ?

ይህን የማነሳው ባዕድ ነገር ልጨምር ብዬ አይደለም። ዩኒቨርሲቲው ራሱ የተወለደው ከአገልግሎት ነው። በጎንደር አቅራቢያ በደምቢያ የወባ ወረርሽኝ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ በኋላ በ1947 ዓ.ም. የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ሆኖ ተከፈተ። የጤና መኮንኖችን፣ የማኅበረሰብ ነርሶችንና የአካባቢ ጤና ባለሙያዎችን በቡድን አሠልጥኖ እንደ ቆላ ድባ ወዳሉ ጤና ጣቢያዎች ያወጣ ነበር። የዚያ ውርስ የሆነው የቡድን ሥልጠና ዛሬም አለ። የተለያየ የጤና ትምህርት የሚከታተሉ ተማሪዎች አብረው ወጥተው አብረው ይኖራሉ፣ ከሕክምናው ጎን ሽንት ቤት ያስቆፍራሉ፣ ምንጭ ያጎለብታሉ። የሕግ ትምህርት ቤቱ ደግሞ ጠበቃ ማቆም ለማይችል ሰው ነፃ የሕግ ድጋፍ ይሰጣል። ከዚያም በፊት በዚህች ከተማ በየቤተ ክርስቲያኑ ጉባኤ ቤት የቆየው ተማሪ አዲሱን ያስቀጽላል፣ ማለትም ትምህርቱን እያስደገመ ያስጠናል፤ በአታም ሆነ ሌላው ደብር ይህ የትምህርቱ አካል ነው እንጂ የትርፍ ጊዜ ሥራ ተብሎ አያውቅም።

«በጎ ሥራ ለሽልማት አይሠራም» የሚሉኝ አሉ። ልክ ናቸው፣ ለሽልማት የሚሠራው ቶሎ ይታወቃል። እኔን የሚያሳስበኝ ግን ቀጣዩ ነው። ግቢ ውስጥ የኖረ ሁሉ እንደሚያውቀው አንድ ክበብ ጎበዝ ሰብሳቢ ሲያገኝ ይነቃል፣ ሰብሳቢው ሲመረቅ ይሞታል። የደም ልገሳው፣ የልብስ ማሰባሰቡ፣ የሥነ ጽሑፍ ምሽቱ አብሮት ይመረቃል። የቢሮው ቁልፍ ማን ጋ እንዳለ እንኳ ይጠፋል። ምን እንደተሠራና እንዴት እንደተሠራ የተጻፈ ነገር ስለሌለ አዲሶቹ ሁሌ ከዜሮ ይጀምራሉ። ሥራውን በአደባባይ መናገር ለታናናሾቹ መንገድ ማሳየት ነው።

ይበላሻል ብዬ የምፈራውም አለ። ሽልማቱ ለተማሪዎች ኅብረት አመራርና ለክበብ ሰብሳቢዎች በጅምላ የሚታደል ሰርተፍኬት ከሆነ ባይጀመር ይሻላል። ሥልጣን ያለው ቀድሞም ስሙ ይጠራል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ለየክልሉና ለየብሔሩ በኮታ መደልደል ነው። ዩኒቨርሲቲዎቻችን በብሔር ግጭት ምን ያህል እንደተጎዱ አይተናል። ልጆች ዶርማቸውን ጥለው ወደ ቤታቸው የተሰደዱበት ጊዜ ሩቅ አይደለም። በዚያ ወቅት ጓደኛውን አልጋው ሥር የደበቀ፣ በር ላይ የቆመ ተማሪ ነበር። እንዲህ ያለው ልጅ ከየት መጣህ ተብሎ በኮታ ሲሸለም ማየት አልፈልግም።

ስለዚህ ጥቆማው ከታች ይምጣ። ማንም ራሱን አይጠቁም። የተረዳው ይናገር፤ ያ የተነበበለት፣ ያ የተጠናለት፣ ታሞ ሆስፒታል ያስታመሙት። ፕሮክተሮች ይጠየቁ። የካፌ እናቶች ይጠየቁ፤ ማን ትሪውን መልሶ እንደሚያመሰግን፣ ማን ካፌ መምጣት ያቆመ ጓደኛውን ምግብ ይዞ እንደሚፈልገው ከእነሱ በላይ የሚያውቅ የለም። የላይብረሪ ሠራተኞችና ጥበቃዎችም ይጠየቁ። የመረጣ ኮሚቴው ውስጥ ቢያንስ አንድ አካል ጉዳተኛ ተማሪና አንድ ከሩቅ የመጣ ፍሬሽ ይኑር።

የሚሰጠው ነገር ብዙ ገንዘብ አይጠይቅም። ለግለሰብ፣ የሠራው ሥራ በዝርዝር የተጻፈበት፣ የፕሬዚዳንቱ ፊርማ ያረፈበት ደብዳቤ ይበቃል። «ለመልካም ተሳትፎው» የሚል ደረቅ ወረቀት ማለቴ አይደለም። «ለሦስት ዓመት ለሁለት ተማሪዎች የሕግ መጻሕፍትን በድምፅ ቀድቷል» የሚል ይሁን፤ ሥራ ፍለጋ ሲወጣ ይዞት ይቀርባል። ለክበብ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት ቢሮና ቁልፍ፣ ወረቀትና ቀለም፣ ለአንባቢዎች ከሆነ ጥሩ መቅረጫ ይሰጠው። ሥራው በሁለት ገጽ ተጽፎ ለተተኪዎቹ ይተላለፍ።

ጊዜው ላይም ሐሳብ አለኝ። የምረቃ ዕለት ከሆነ ተመራቂው ዕቃውን ጠቅልሎ ሊሄድ ነው፣ ፍሬሾቹም ቤታቸው ገብተዋል። ማየት ያለባቸው እነሱ ናቸው። ሁሉም ግቢ ውስጥ እያለ፣ ከፋሲካ በኋላ አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ቢሆን ሜዳው ይሞላል። የማራኪው፣ የቴዎድሮሱና የፋሲሉ ግቢ ተማሪም ተራ በተራ ቢያስተናግድ አንዱ የሌላውን ግቢ ያውቃል። የጥቆማ ሳጥኑ ከአሁኑ በየካፌው በር ቢቀመጥ ለዘንድሮ ይደርሳል።