ዌብ ላይ ኬላ እንዳይቆም

በ2006 ኢንተርኔት ኤክስፕሎረር ይጠቀም የነበረ ሰው አንድ እንግዳ ነገር ያስታውስ ይሆናል። (ዓመቶቹን በፈረንጆቹ ነው የምጽፈው፤ የአገራችንን አዋጆች ስጠራ ግን በእኛው።) ድረ ገጹ ውስጥ ያለ ቪዲዮ ወይም ጨዋታ እንደ በፊቱ አይታዘዝም። ማውሱን ሲያስጠጉበት ዙሪያውን ሳጥን ይከበዋል፤ ለመጠቀም መጀመሪያ ይጫኑት የሚል መልእክት ይመጣል። አንዴ ከተጫኑት በኋላ ነው ትእዛዝ የሚቀበለው። የተበላሸ ነገር አልነበረም። ማይክሮሶፍት በፓተንት (ፈጠራን ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሌላው እንዳይጠቀምበት የሚከለክል መብት) ክስ ተይዞ ብራውዘሩን ሆን ብሎ ነው እንዲህ ያደረገው።

ከሳሹ ኢዮላስ የሚባል ትንሽ ኩባንያ ነው። መሥራቹ ማይክል ዶይል በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ የሳን ፍራንሲስኮ ግቢ ሲሠራ፣ ከሁለት ባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ገጽ ውስጥ ሌላ ፕሮግራም አስገብቶ እዚያው የማሠራት ዘዴ ፈጠርን አሉ። በኦክቶበር 1994 ፓተንት አመለከቱ፤ በኖቬምበር 1998 ተሰጣቸው። ፓተንቱ የዩኒቨርሲቲው ሲሆን የመጠቀም ፈቃዱን የያዘው ኢዮላስ ነው። በቀጣዩ ዓመት ማይክሮሶፍት ተከሰሰ። በኦገስት 2003 የቺካጎ ጁሪ (ከተራ ዜጎች የተመረጠ የፍርድ ቡድን) 520.6 ሚሊዮን ዶላር እንዲከፍል ወሰነበት።

ማይክሮሶፍት ገንዘቡን አያጣም፤ ለእሱ ማዘን አያስፈልግም። ችግሩ ሌላ ቦታ ነው። ገጽ ውስጥ ነገር ማስገባት የኤችቲኤምኤል (ድረ ገጽ የሚጻፍበት ቋንቋ) አካል ሆኗል። ዓለም ላይ ያለ ድረ ገጽ ሠሪ ሁሉ ይጠቀምበታል። ብራውዘሩ ሲቀየር ገጻቸው እንደ ቀድሞው እንዲሠራ የፈለጉ ሁሉ ቁጭ ብለው ኮዳቸውን ጃቫስክሪፕት በሚባል የፕሮግራም ቋንቋ ማዞር ነበረባቸው። ከክሱ ጋር ምን አገናኛቸው? ምንም።

ከዚህ በላይ የሚያንገበግበው ደግሞ ነገሩ ቀድሞ ተሠርቶ የነበረ መሆኑ ነው። በዚያው በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ፣ በበርክሌይ ግቢ፣ ፔይ-ዩዋን ዌይ የሚባል ተማሪ ቪዮላ የሚል ሥራ ጀምሮ ነበር። ከዚያ ወደ ብራውዘርነት አሳደገው። በሜይ 1993 ለኮምፒውተር ኩባንያው ለሳን ማይክሮሲስተምስ መሐንዲሶች ገጽ ውስጥ ተቀምጦ የሚሠራ ፕሮግራም አሳያቸው። ኢዮላሶች ፓተንት ሊጠይቁ ገና 17 ወር ሲቀራቸው ማለት ነው። የአሜሪካ ሕግ ደግሞ ከማመልከቻው ከአንድ ዓመት በላይ ቀድሞ በይፋ ጥቅም ላይ የዋለ ነገር ፓተንት አይሰጠውም ይላል። በቺካጎው ችሎት ግን ጁሪው የቪዮላን ማስረጃ እንዲመዝን አልተፈቀደለትም።

የዌብ ፈጣሪ ቲም በርነርስ-ሊ በኦክቶበር 2003 ለአሜሪካ ፓተንት መሥሪያ ቤት ደብዳቤ ጻፈ። ፓተንቱ እንደገና ይመርመር ብሎ ጠየቀ። መሥሪያ ቤቱ መርምሮ በ2005 አጸደቀው። በዚያው ዓመት የይግባኝ ፍርድ ቤቱ የቪዮላ ጉዳይ መታየት ነበረበት ብሎ ክሱን ወደ ታች መለሰ። በ2007 ማይክሮሶፍት ተስማምቶ ወጣ። ኢዮላስ ግን አላበቃም። በ2009 አፕልን፣ ጉግልን፣ አማዞንንና አዶቢን ጨምሮ ከ20 በላይ ኩባንያዎችን አንድ ላይ ከሰሰ። በፌብሩዋሪ 2012 በቴክሳሷ ታይለር ከተማ በርነርስ-ሊም ዌይም ቀርበው መሰከሩ። ጁሪው ፓተንቱ ዋጋ የለውም አለ፤ በ2013 ይግባኝ ሰሚውም አጸናው። ከመጀመሪያው ክስ እስከዚህ 14 ዓመት። የቀረቡት ምስክሮችና የነበረው ማስረጃ እኮ ከመጀመሪያውም ነበሩ።

እኔ የምለው ይህ ነው፤ ዌብ የቆመባቸው ደረጃዎች (ሁሉም የሚከተላቸው የጋራ የአሠራር ደንቦች) ላይ ማንም ሰው ኬላ ማቆም መቻል የለበትም። ማቆም የሚችልበት ሕግ ባለበት አገር ደግሞ አንድ ቀን ያቆማል። አገራችን በዚህ በኩል ጥሩ ሕግ አላት። ይህን ሕግ ሳናውቀው እንዳናጣው እፈራለሁ።

ዌብ ራሱ ያሸነፈው ክፍት ስለነበረ ነው። በ1993 ጎፈር የሚባል ተፎካካሪ ነበረው፤ ከሚኒሶታ ዩኒቨርሲቲ የወጣ፣ ብዙ ተጠቃሚ የያዘ። በዚያው ዓመት መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው ለጎፈር ሰርቨር ፈቃድ ከአንዳንድ ተጠቃሚዎች ክፍያ እጠይቃለሁ አለ። ኤፕሪል 30 ላይ ዌብ የተፈጠረበት የአውሮፓ የምርምር ማዕከል ሰርን የዌብን ሶፍትዌር ማንም እንዲጠቀምበት በነፃ ለቀቀው። ፕሮግራመሮች ጎፈርን ትተው ወደ ዌብ ነጎዱ። ገንዘቡ ትልቅ ስለነበረ አይመስለኝም። ነገ ምን ሊጠየቅ እንደሚችል የማይታወቅ ነገር ላይ ማንም ዕድሜውን አያፈስም።

የጂፍ (የምስል ፋይል ዓይነት ነው) ነገርም ከዚህ አይርቅም። ኮምፑሰርቭ የተባለ የአሜሪካ ኩባንያ በ1987 ጂፍን ሲያወጣ ኤልዚደብሊው የሚባል የመጭመቂያ ስልት ተጠቀመ። ስልቱ ላይ ዩኒሲስ የሚባል ሌላ ኩባንያ ፓተንት ነበረው። በ1994 መጨረሻ፣ ዓለም ሁሉ ጂፍ ሲጠቀም ሰባት ዓመት ካለፈ በኋላ፣ ጂፍ የሚጽፍ ሶፍትዌር የሚሠሩ ሰዎች ክፍያ እንዳለባቸው ተነገራቸው። የተቆጡት ፕሮግራመሮች በሳምንታት ውስጥ ፒኤንጂ የተባለ ሌላ የምስል ፋይል ዓይነት መንደፍ ጀመሩ፤ በ1996 የዌብን ደረጃዎች የሚያወጣው የዌብ ኮንሰርቲየም ደረጃ ሆነ። ዛሬ ስልካችሁ ላይ ስክሪንሾት ስታነሱ ብዙ ጊዜ የሚቀመጠው በፒኤንጂ ነው። የቁጣ ልጅ ነው እንግዲህ።

የዌብ ኮንሰርቲየም ራሱም አንድ ጊዜ ሊሳሳት ነበር። በ2001 «ተመጣጣኝና አድሎ የሌለው» ክፍያ የሚጠየቅባቸውን ፓተንቶች ደረጃ ውስጥ ለማስገባት በር የሚከፍት ረቂቅ አወጣ። አስተያየት ስጡ ሲል ፕሮግራመሮች በኢሜይል አጥለቀለቁት። ተመጣጣኝ የሚባለው ክፍያ ለትልቅ ኩባንያ ተመጣጣኝ ነው፤ ሶፍትዌሩን በነፃ ለሚያድል ሰው ግን አንድ ሳንቲምም ብዙ ነው፤ ምክንያቱም ስንት ቅጂ እንደተባዛ እንኳ መቁጠር አይችልም። ኮንሰርቲየሙ ሐሳቡን ቀየረ። ከ2004 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ፖሊሲ እንዲህ ይላል፦ ደረጃውን በሚያዘጋጀው ቡድን ውስጥ የሚሳተፍ ሁሉ፣ ለዚያ ደረጃ የግድ የሚያስፈልግ ፓተንት ካለው ያለ ክፍያ ይፈቅዳል። አልፈቅድም የሚለው ካለ የመጀመሪያው ረቂቅ ከወጣ በ150 ቀን ውስጥ ለይቶ ያሳውቅ። ኋላ ተደብቆ መምጣት የለም።

ጎበዝ ፖሊሲ ነው። ግን አንድ ቀዳዳ አለው፤ የሚያስረው ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠውን ብቻ ነው። ኢዮላስ ጠረጴዛው ላይ አልነበረም። ውጭ ቆሞ የሚጠብቀውን ሰው ሊያስር የሚችለው ሕግ ብቻ ነው።

ቪዲዮ ላይ ይህ ቀዳዳ ጎልቶ ይታያል። ኤችቲኤምኤል5 ሲዘጋጅ ቪዲዮ ያለ ተጨማሪ ፕሮግራም ገጽ ላይ እንዲታይ ተወሰነ። በምን ዓይነት አቀራረጽ (ቪዲዮው ተጨምቆ በሚቀመጥበት ስልት)? እዚህ ላይ መስማማት አልተቻለም። ኤች.264 በየስልኩ ነበረ፣ ግን ብዙ ፓተንት የታጨቀበት፣ ክፍያም ያለበት ነው። በነፃ የሚሰጠውን አቀራረጽ ደግሞ ሌሎቹ አንቀበልም አሉ። በ2009 የደረጃው አዘጋጅ የትኛውም የግድ ነው ሳይል ተወው። እስካሁንም የቪዲዮ ምልክቱ ደረጃው ውስጥ አለ፤ የትኛው አቀራረጽ የግድ መሥራት እንዳለበት ግን ደረጃው አይናገርም። ፋየርፎክስን የሚሠራው ሞዚላ ለዓመታት ኤች.264ን እምቢ ብሎ ቆየ። በ2013 ሲስኮ የተባለው የኔትወርክ መሣሪያ ኩባንያ የራሱን የኤች.264 ኮድ ለሁሉም ለቆ የፓተንቱን ክፍያ እኔ እሸፍናለሁ አለ። ነፃ ብራውዘር የአንድ ኩባንያ ደግነት ጠባቂ ሆነ ማለት ነው።

ቀጥሎ የመጣው አቀራረጽ፣ ኤችኢቪሲ፣ ባሰበት። ለእሱ ክፍያ የሚሰበስቡት ቡድኖች ከአንድ በላይ ሆኑ። አንዱን ከፍለህ ሌላው ይመጣል። ጉግል፣ ሞዚላ፣ ኔትፍሊክስ፣ አማዞን፣ ሲስኮ፣ ኢንቴልና ማይክሮሶፍት ተሰባስበው በ2015 ኅብረት መሠረቱ፤ በ2018 ኤቪ1 የተባለውን አቀራረጽ ያለ ክፍያ አወጡት። እንዲህ ዓይነት ነገር እኛን በቀጥታ ይነካናል። ኤቪ1 ተመሳሳይ ጥራት ያለውን ቪዲዮ ከኤች.264 ባነሰ ዳታ ያሳያል። ፓኬጅ እየገዛ ዩቲዩብ ለሚያይ ሰው ይህ ብር ነው። በ2019 ግን ሲስቬል የተባለ ድርጅት ብቅ ብሎ ኤቪ1ም ውስጥ የደንበኞቼ ፓተንት አለ፣ ክፈሉ አለ። ውጭ የቆመው ሰው እንደገና መጣ።

እንግዲህ ወደ ሕጉ። አውሮፓ ውስጥ የሶፍትዌር ፓተንትን የሚያሰፋ መመሪያ ቀርቦ በጁላይ 2005 የአውሮፓ ፓርላማ በ648 ለ14 ድምፅ ጣለው። አሜሪካም ቢሆን በ2014 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ አንድን ረቂቅ ሐሳብ ወስዶ በኮምፒውተር አሠራው ማለት ብቻውን ለፓተንት አይበቃም ብሏል።

የእኛ ሕግ ከሁለቱም ውሳኔዎች ቀድሞ የወጣ ነው። የፈጠራ፣ አነስተኛ ፈጠራና ኢንዱስትሪያዊ ንድፍ አዋጅ ቁጥር 123/1987 አንቀጽ 4 ፓተንት የማይሰጥባቸውን ነገሮች ሲዘረዝር የኮምፒውተር ፕሮግራምንም አስገብቷል። ፕሮግራም የጻፈ ሰው ያለ ጥበቃ ቀረ ማለት አይደለም። ሥራውን የቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 እንደ ድርሰት ይጠብቅለታል። ኮድህን የገለበጠብህን ትከሳለህ። ራሱ አስቦ በራሱ መንገድ የጻፈውን ግን አትከስም። ልዩነቱ እዚህ ላይ ነው፤ ፓተንት ቢሆን ኖሮ ይህኛውንም ትከሰው ነበር።

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ካመለከተች ከ2003 ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኗል። በድርድሩ የአእምሯዊ ንብረት ሕጎች መፈተሻቸው አይቀርም። ያኔ አንድ ሰው ተነሥቶ የድርጅቱ ስምምነት በማንኛውም የቴክኖሎጂ ዘርፍ ፓተንት ስጡ ስለሚል ይህ ክልከላ ይውጣ ማለቱ አይቀርም። መልሱ እዚያው ስምምነት ውስጥ አለ። አንቀጽ 10 የኮምፒውተር ፕሮግራም እንደ ድርሰት ይጠበቅ ይላል። ሕንድን ተመልከቱ። ድርጅቱ ከተመሠረተ ጀምሮ አባል ናት፤ ሕጓ የኮምፒውተር ፕሮግራምን በራሱ ፓተንት አይሰጠውም። በ2004 መጨረሻ መንግሥቷ ይህን ሊያላላ ሞክሮ ነበር፤ በ2005 ፓርላማው ሳይቀበለው ቀረ።

ፓተንት ለአገር ውስጥ ፈጣሪ ይጠቅማል የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ሐሳባቸው ቅን ነው። ግን የኢትዮጵያ ፓተንት የሚሠራው ኢትዮጵያ ውስጥ ብቻ ነው። ውጭ የሚሸጥን ልጅ አይከላከልለትም። አገር ቤት ግን ጠበቃና ገንዘብ ያለው የውጭ ኩባንያ ፓተንቱን ይዞ መጥቶ፣ ሦስት ጓደኛሞች ቦሌ ውስጥ የከፈቱትን ድርጅት በአንድ ደብዳቤ ሊያስፈራራ ይችላል። ክስ ቢያሸንፉ እንኳ ገና ክሱን ሲከራከሩ ያልቃሉ። ኢዮላስን ለማሸነፍ ጉግልና አማዞን ስንት ጠበቃ እንዳሰለፉ ማሰብ ነው።

ፊደላችንን ደግሞ እንይ። በፊት በቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ደብዳቤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት የላቲን ፊደላት ዝብርቅርቅ ይሆን ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 (የዓለም ፊደላት የኮምፒውተር ደረጃ) ግዕዝን ያዘ። ማንም ሳይከፍል፣ ማንንም ሳያስፈቅድ ይጠቀምበታል። ይህን ጽሑፍ የምታነቡት በዚያ ምክንያት ነው። ፊደሉን መክተብ ላይ ግን ሌላ ታሪክ አለ። የአሜሪካ ፓተንት መሥሪያ ቤት በ2015፣ ቀጥሎም በ2017፣ የግዕዝ ፊደልን በመሣሪያ የመክተቢያ ዘዴ ላይ ፓተንት ሰጥቷል። የፈጠራው ባለቤት ለፊደሉ ረጅም ዘመን የደከሙ ሰው ናቸው፤ ድካማቸውን ከልብ አከብራለሁ። ነገር ግን ዋሽንግተን ዙሪያ ተቀምጦ ለልጆቹ የአማርኛ ኪቦርድ መሥራት የሚፈልግ ዴቨሎፐር መጀመሪያ ጠበቃ ማማከር ሊኖርበት አይገባም ነበር። አዲስ አበባ ያለው እስካሁን ይህ ጭንቀት የለበትም። የአሜሪካው ፓተንት እዚህ አይሠራም፤ እዚህ በፕሮግራም ላይ እንዳይወጣ የምትከለክለው ደግሞ ያቺ የአንቀጽ 4 መስመር ናት።

ስለዚህ የኢትዮጵያ አእምሯዊ ንብረት ባለሥልጣን ሕጉን በሚከልስበት ጊዜ ረቂቁ በሕግ ባለሙያዎች እጅ ብቻ አይቅር። ፕሮግራመሮች ያንብቡት፤ ኮሌጅ ያሉትም፣ ሥራ ላይ ያሉትም። በተለይ አንድ ነገር ይጠብቁ። የአውሮፓ የፓተንት ስምምነት ፕሮግራምን የሚከለክለው «በራሱ ብቻ» ሲሆን ነው፤ ጠበቆች በዚያች ቀዳዳ እየገቡ «ይህ ፕሮግራም ብቻ ሳይሆን ቴክኒካዊ ሥራም የሚሠራ ነው» እያሉ ብዙ ፓተንት አውጥተዋል። የእኛ አዋጅ ያለ ምንም ማለስለሻ ነው የሚከለክለው። ረቂቁ ላይ እንዲህ ዓይነት ማለስለሻ ከተጨመረ፣ በመድረክ ላይ እጅ አውጥቶ ይህ ለምን ገባ ብሎ መጠየቅና መልስ እስኪገኝ አለመቀመጥ ነው።