ማስተካከያ፦ ኤኤምፒኬ ሲነቃ ረሃብን አያስታግስም

ኤኤምፒኬ ስለተባለው ኢንዛይም ቀደም ሲል ስጽፍ «ኢንዛይሙ ሲነቃ ስብ ይቃጠላል፤ የምግብ ፍላጎትም ይቀንሳል» ብዬ ነበር። ስለ ስብ የተባለው ለጡንቻና ለጉበት ትክክል ነው። ስለ ምግብ ፍላጎት የተባለው ግን ስሕተት ነው፤ አንባቢዎቼን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ኤኤምፒኬ በሕዋስ ውስጥ ያለውን ኃይል የሚከታተል ዘብ ነው። ኤቲፒ (ለሕዋስ ኃይል የሚያቀብለው ሞለኪውል) ሲያንስና ኤኤምፒ (ኤቲፒ ኃይሉን ሰጥቶ ሲያልቅ የሚቀረው ሞለኪውል) ሲበዛ ይነቃል፤ ኃይል ፈጂ ሥራዎችን ገትቶ ኃይል የሚያስገኙትን ያፋጥናል። ጡንቻ በዚህ ጊዜ ግሉኮስ ይስባል፣ ስብ ያቃጥላል። በአንጎል ውስጥ ባለው ሃይፖታላመስ ግን ያው «ኃይል ጎድሏል» የሚለው ምልክት ረሃብን ይቀሰቅሳል። ከጨጓራ የሚመነጨው ግሬሊን የተባለ ሆርሞን እዚያ ኢንዛይሙን ያነቃዋል፤ የምግብ ፍላጎትም ይጨምራል። ከስብ ሕዋሳት የሚመነጨው ሌፕቲን የተባለ ሆርሞን ደግሞ እዚያው ኢንዛይሙን ይገታዋል። የሚያስደንቀው፣ ይኸው ሌፕቲን በጡንቻ ውስጥ ኢንዛይሙን የሚያነቃ መሆኑ ነው! ይህ እ.ኤ.አ. በ2002 እና በ2004 በታተሙ፣ በአይጦች ላይ በተደረጉ ምርምሮች ታይቷል።

የእኔ ጥፋት የጡንቻውን ውጤት ለአንጎልም መስጠቴ ነው። ስለዚህ ጽሑፌን አንብቦ «ኤኤምፒኬን የሚያነቃ ነገር ሁሉ ረሃብ ያስታግሳል» ብሎ የደመደመ ሰው ቢኖር ድምዳሜውን ይተወው።