ለቆላ ተነዳፊ ደብረ ብርሃን ሩቅ ነው

ሰሞኑን በሰሜን ሸዋ በተካሄደ አንድ የጤና ስብሰባ ላይ አንድ ኃላፊ የእባብ መርዝ ማርከሻ በቆላ ጤና ጣቢያዎች መቀመጥ እንደማያስፈልገው ሲናገሩ፣ መድኃኒቱ ውድ መሆኑን፣ ተነዳፊው ጥቂት መሆኑን፣ አብዛኛውም በባህል መድኃኒት መዳኑን በምክንያትነት አቅርበዋል። ውድነቱን አልክድም። የመጨረሻው ምክንያት ግን ከጤና ባለሙያ አፍ መውጣቱ ያሳፍራል። እባብ ሁሉ መርዛም አይደለም፤ መርዛሙም በነደፈ ቁጥር መርዝ አይለቅም። እንዲህ ያለው ተነዳፊ ቅጠል ቢታሰርለትም ባይታሰርለትም ይድናል፤ ምስጋናውን ግን ቅጠሉ ይወስዳል። ጤና ጣቢያ ሳይደርስ የተቀበረው ደግሞ መዝገብ ላይ አይገኝም፤ «ጥቂት» የተባለውም ከዚሁ መዝገብ ተቆጥሮ ነው።

መርዝ የለቀቀችው እፉኝት ስትሆን ነገሩ ሌላ ነው። በምሥራቅ አፍሪካ ቆላዎች የምትገኘው ኤኪስ የተባለች የእፉኝት ዘር መርዟ በደም ውስጥ ያለውን ፕሮትሮምቢን የተባለ ደም አርጊ ፕሮቲን ይቀሰቅሳል፤ ለመርጋት የሚያስፈልገው ፋይብሪኖጅን በከንቱ ተሟጦ ያልቅና የቀረው ደም የማይረጋ ይሆናል። ከዚያ ድድ ይደማል፣ ሽንት ይቀላል፣ ደሙ አንጎል ውስጥም ሊፈስ ይችላል። ይህን ሰው «መርዙ ይውጣለት» ብሎ በምላጭ መብጣት የማይቆም ደም መክፈት ነው። ደም ቢሰጠውም መርዙ እስካልመከነ ድረስ አዲሱም እንደ ፊተኛው ይሟጠጣል፤ ማርከሻው ሲገባ ግን ጉበት የጎደለውን ፋይብሪኖጅን በሰዓታት ውስጥ መተካት ይጀምራል። በሰዓት የሚቆጠረውን ይህን ጉዳይ ይዞ ከቀወት ቆላ ተነሥቶ፣ ጣርማበርን ወጥቶ፣ ደብረ ብርሃን ሆስፒታል ይድረስ የሚሉን መኪናውን ማን ሊያቆምለት ነው? ደሙ መርጋት አለመርጋቱን የሚያሳየው ምርመራስ ቢሆን ምን ያስወጣል? 2 ሚሊ ሊትር ደም በንጹሕና ደረቅ የብርጭቆ ቱቦ ቀድቶ፣ 20 ደቂቃ ሳይነካኩ አቆይቶ ማዘንበል ነው፤ ከፈሰሰ አልረጋም። ፕላስቲክ ቱቦ አለመሆኑን ልብ ማለት ብቻ ይበቃል።

ይበልጥ የሚያናድደኝ ሌላ ነው። ካፕቶፕሪል የተባለው የደም ግፊት መድኃኒት የተቀረጸው ከብራዚሉ ጃራራካ እባብ መርዝ በተገኘ ንጥረ ነገር አምሳያ ነው። በልብ ሕሙማን የደም ሥር ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚሰጠው ቲሮፊባንም መነሻው የኤኪስ መርዝ ነው። መርዙ የከተማውን ሕመምተኛ ሲጠቅም ሳይንስ ይባላል፤ ማሾና ማሽላ ሲያጭድ የተነደፈው ገበሬ ግን በቅጠል ይዳን ይባላል! የዓለም ጤና ድርጅት በእባብ መነደፍን ትኩረት ከሚሹ የሐሩራማ አካባቢ በሽታዎች ተርታ ያሰፈረው እ.ኤ.አ. በ2017 እንደሆነ ኃላፊው አልሰሙ ይሆን?

ርካሽ ነው ተብሎ የተገኘው ሁሉ ይገዛም አልልም፤ ለሕንድ እባቦች የተሠራ ማርከሻ ለአፍሪካዋ ኤኪስ እንደማይበጅ በጋናና በቻድ ታይቷል። ለእኛ እባቦች የተሠራው ተመርጦ፣ ከመጪው አጨዳ በፊት፣ ክትባት በሚቀመጥበት ማቀዝቀዣ ውስጥ ይቀመጥ። በጀቱ እስኪገኝ ደግሞ ቢያንስ የብርጭቆ ቱቦዎቹ ይላኩ፤ ለእነርሱም ገንዘብ የለም የሚል ካለ በስሙ ፈርሞ ይንገረን።